የእንጦጦው አማተር፦ ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ ሩጫውና የወታደር ደመወዙ (1924–1966 ዓ.ም.)

ስለ አበበ ቢቂላ ብዙ ተጽፏል፤ ከተጻፈውም ይልቅ የተነገረው ይበዛል። በሕዝብ ዘንድ ጸንቶ የቀረው ግን በሁለት ሥዕሎች የተጠቃለለ ነው። አንደኛው በሮም አውራ ጎዳና በባዶ እግሩ የሚሮጥ ቀጭን ወታደር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሌላ ሯጭ በመጎዳቱ በመጨረሻው ሰዓት በምትክነት ተላከ የሚባለው፣ ማንም ያላወቀው ድንገተኛ ባለድል ነው። የመጀመሪያው ሥዕል እውነት ነው፤ ይሁንና አመጣጡ ሲመረመር ከሚታሰበው በላይ ተራ ነው። ሁለተኛው ግን ማስረጃው ሲታይ አይቆምም። ይህ ጽሑፍ የአበበን ሕይወት የሚመለከተው እምብዛም ካልተነካ አቅጣጫ ነው። አበበ በዘመኑ የስፖርት ሕግ መሠረት አማተር ነበር፤ ለሩጫው ደመወዝ ያልነበረው፣ እንጀራውን ከወታደርነቱ የሚበላ ሰው። ይህ ሁኔታ ልምምዱን፣ ሽልማቱን፣ አልፎም የሕይወቱን መጨረሻ እንዴት እንደ ቀረጸ ማየት ተገቢ ይሆናል። ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በተባለች የገጠር ቀበሌ ነው። ዕለቱ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኦገስት 7 ቀን 1932 ሲሆን፣ በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር የተካሄደበት ቀን ነበር። ያን ማራቶን የአርጀንቲናው ሁዋን ካርሎስ ሳባላ አሸነፈ። ለዚህ ጽሑፍ ከአሸናፊው ይልቅ የሚጠቅመው በውድድሩ ያልተሰለፈው ሰው ታሪክ ነው። ዘጠኝ የኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ የነበረው ፊንላንዳዊው ፓቮ ኑርሚ በማራቶኑ ሊሮጥ ሎስ አንጀለስ ድረስ ተጉዞ ነበር። ሆኖም ከውድድር አዘጋጆች ከሚገባው በላይ የጉዞ ገንዘብ ተቀብሏል፣ ስለዚህም አማተር አይደለም ተብሎ ታገደ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቀን መዋላቸው አጋጣሚ እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። ነገር ግን የጃቶው ሕፃን ወደፊት የሚሮጥበት ዓለም ሕጉ ምን ያህል ጥብቅ እንደ ነበር ያሳያል።

አራት ዓመት ሳይሞላው የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ መጣ። ቤተሰቡ ቀዬውን ለቆ ራቅ ወዳለ ስፍራ ተሰደደ። እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ ከአባቱ ተለያይተው ሌላ ትዳር መሥርተው ነበርና አበበ ያደገው በእንጀራ አባቱ ቤት ነው። ከነፃነት በኋላ ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ተመለሱ። ልጅነቱ እንደ ማንኛውም የሸዋ ደጋ ልጅ ከብት በመጠበቅና በእርሻ ሥራ አለፈ። ከጨዋታዎቹ ሁሉ ጎልቶ የሚነሣው ገና ነው። ሜዳው ወሰን የማይታወቅለት፣ ሩሩ በዱላ እየተመታ ከመንደር እስከ መንደር የሚሳደድበት፣ በገደልና በማሳ ላይ ሲሮጥ የሚዋልበት ይህ ጨዋታ ሜዳሊያም ደመወዝም የለውም፤ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፤ ሽልማቱ ይኸው ነው። አበበ በማዕረግም ሆነ በደመወዝ ከመሮጡ በፊት የሮጠው እንዲህ ነበር።

በ1940ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ አምስተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር በወታደርነት ተቀጠረ። ለአንድ የገጠር ወጣት ክቡር ዘበኛ መግባት ቀላል ነገር አልነበረም። የዘወትር ደመወዝ፣ ቀለብ፣ ልብስ፣ ሕክምና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በከተማ ውስጥ የታወቀ ስፍራ የሚያስገኝ ነበር። የስፖርት ውድድርም የጦሩ የሥልጠና አካል ነበር፤ ክፍሎቹ በሩጫ፣ በብስክሌትና በኳስ ይወዳደሩ ነበር። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰለፍ የላከችው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ነው። ከሯጮቹ መካከል የአበበ የሥራ ባልደረባና የኋላ ተተኪው ማሞ ወልዴ ይገኝበታል። በረዥም ርቀት ሩጫና በብስክሌት መጀመር የአጋጣሚ ምርጫ አይመስልም። ሁለቱም ከመንገድና ከጉልበት በቀር ብዙ መሣሪያ የማይጠይቁ፣ ዳገቱ ደግሞ በነፃ የሚገኝ ስፖርቶች ናቸው።

ዳገቱ እንጦጦ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ መናገሻ ወደ ፍል ውኃ ወርዶ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የነበረው ከተማ፣ በባሕር ዛፍ የተሸፈነው፣ የእንጦጦ ማርያምና የራጉኤል አብያተ ክርስቲያናት የተተከሉበት ጋራ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን እንደ ግድግዳ ቆሟል። ከደቡብ ተዳፋቱ የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ፣ ከሰሜኑ ወደ ሱሉልታ የሚፈሰው ደግሞ ወደ ሙገርና ወደ ዓባይ ይሄዳል። ከተማዋ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን የጋራው ጀርባ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ከፍታ የኦክስጂን ግፊት ከባሕር ወለሉ ወደ 70 በመቶ ዝቅ ይላል። አበበ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በሱሉልታ ኮረብታዎችና በአዲስ አበባ መካከል በየቀኑ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ሩጫ ይሮጥ ነበር። የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶችን ድንበር በእግሩ ተሻግሮ ወደ ሥራው ይገባ ነበር ማለት ነው። በዚያው ዳገት በዚያው ሰዓት የእንጨት ሸክም ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች እንደ ነበሩ መዘንጋት አይገባም። እንጦጦ ላይ መድከም ለአትሌት ብቻ የተሰጠ አልነበረም።

የምሥራቅ አፍሪካ ሯጮች ብርታት በከፍታው አየር ብቻ የሚገለጽ ነው የሚለው አስተያየት ከአበበ ድል በኋላ በሰፊው ተሰራጭቷል። ጉዳዩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ ከ3,500 ሜትር በላይ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደገኞች ደም ውስጥ የሄሞግሎቢን መጠን በባሕር ወለል አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች እምብዛም አይለይም፤ በአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ላይ የታየው ጭማሪ በእነርሱ ላይ አልታየም። ከዚህም ሌላ ቀላል ማስረጃ አለ። የሸዋ ደጋ ከአበበ በፊት ለብዙ ሺህ ዓመታት ደጋ ነበር። በ1940ዎቹ አዲስ የሆነው ከፍታው ሳይሆን፣ አንድን ወታደር በጋራው ላይ በሰዓት እየለካ የሚያስሮጥ ሥርዓት መምጣቱ ነው።

ያን ሥርዓት ያመጡት ሜጀር ኦኒ ኒስካነን ናቸው። በሄልሲንኪ ተወልደው በስዊድን ያደጉት ኒስካነን በ1946 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ሲሆን፣ በክቡር ዘበኛ የአካል ብቃት ትምህርት ከማስተማራቸውም በላይ ለአገሪቱ ስፖርት መደራጀት ብዙ ሠርተዋል። የመጡበት አገር የአማተር ሕግን ጭካኔ የሚያውቅ ነበር። የስዊድን ታላላቅ የመካከለኛ ርቀት ሯጮች ጉንደር ሄግና አርነ አንደርሾን ገንዘብ ተቀብላችኋል ተብለው በዚያው ዓመት ለዕድሜ ልክ ከውድድር ታግደዋል። ስለዚህ ኒስካነን ሁለት ነገር ይዘው መጡ ማለት ይቻላል፤ አንዱ በተለያየ ፍጥነት፣ በዳገትና በቁልቁለት፣ በደንና በአስፋልት የተከፋፈለ የስካንዲኔቪያ የልምምድ ዘዴ ሲሆን ሌላው በሕጉ ላይ ሊኖር የሚገባው ጥንቃቄ ነው። ወታደር አትሌት ለሁለቱም የሚመች ነበር። ሰዓቱ በአለቃው እጅ ነው፤ ደመወዙ ደግሞ ለወታደርነቱ እንጂ ለሩጫው አይደለምና ሕጉ አይነካውም። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ዘዴ አልነበረም። የሶቪየት ኅብረትና የምሥራቅ አውሮፓ አገሮችም በጦር ክበቦቻቸው ይሠሩበት ነበር፤ ኤሚል ዛቶፔክ የቼኮዝሎቫኪያ ጦር መኮንን ነበር። በአንጻሩ አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ከሒሳብ ሥራው ሲወጣ የሚሮጥ ሰው ነበር። ሁለቱም በአንድ ስም አማተር ይባላሉ።

አሁን ወደ ድንገተኛው ባለድል ትረካ እንመለስ። አበበ በ1956 እ.ኤ.አ. በጦር ኃይሎች ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጥቷል፤ የቀደመው በዘመኑ የታወቀው ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ነበር። ከሮም በፊት ዋሚ ስለታመመ ወይም ስለተጎዳ አበበ በምትኩ ሄደ የሚለው ታሪክ የተወለደው ከዚህ ቅደም ተከተል ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን በ1952 ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ወር ልዩነት ሁለት ማራቶኖች ተካሂደው ሁለቱንም ያሸነፈው አበበ ነው። በሁለተኛው የገባበት 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ዛቶፔክ በ1952 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ካስመዘገበው 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3.2 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር። ያውም በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ። እንዲህ ያለ ሰዓት ያለው ሯጭ በሌላ ሰው ወንበር ላይ የተቀመጠ ምትክ ሊባል አይችልም። የኋለኛው ዘመን የሕይወት ታሪክ ጸሐፊው ቲም ጁዳም የሮሙ ተሳትፎ ለረዥም ጊዜ የታቀደ እንደ ነበር ደምድሟል። ትረካው ለምን ጸና ቢባል፣ ለውጭው ጋዜጠኛ የማይታወቅ ሰው ድንገት ማሸነፉ ከአራት ዓመት የእንጦጦ ዳገት ይልቅ ለመጻፍ ስለሚቀል ይመስላል።

የሮሙ ማራቶን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ተካሄደ። ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ውድድሩ የተጀመረው አመሻሽ ላይ ነው፤ መነሻው የካፒቶሊን ኮረብታ ደረጃ ግርጌ፣ መድረሻው የቆስጠንጢኖስ የድል በር ነበር። አበበ እዚያው የገዛው አዲስ ጫማ አልተስማማውም፤ እግሩን አቆሰለው። በልምምድ ወቅት በባዶ እግር መሮጥ የለመደ ስለ ነበር ጫማውን ትቶ ለመሮጥ ወሰነ። ስለ ባዶ እግሩ በኋላ የተደረደሩት ትርጉሞች ሁሉ ከዚህ ተግባራዊ ውሳኔ በኋላ የመጡ ናቸው። ሌላው ምልክት ግን ማንም ሳያስበው በመንገዱ ላይ ቆሞ ነበር። የውድድሩ ጎዳና ፋሺስቶች በ1937 እ.ኤ.አ. ከአክሱም ነቅለው ወስደው በፖርታ ካፔና አደባባይ ባቆሙት ሐውልት አጠገብ ሁለት ጊዜ ያልፋል። ሐውልቱ ወደ አገሩ እስኪመለስ 45 ዓመት ይቀረው ነበር።

ከ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ መሪዎቹ ሁለት ብቻ ሆኑ፤ አበበና ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደስላም። ራዲም ወታደር ነበር። አበበ እንዲጠነቀቀው የተነገረው ሯጭ 26 ቁጥር ለብሶ ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ራዲ የሮጠው በ185 ቁጥር ነው፤ ስለዚህ አበበ ከጎኑ ያለውን ሰው ሳያውቅ፣ ያልታየውን 26 ቁጥር በዓይኑ እየፈለገ ብዙ ኪሎ ሜትር ሄዷል። ጨለማ ሆኖ ነበር፤ በአፒያ ጥንታዊ መንገድ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመዋል። አበበ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ፍጥነቱን ጨምሮ ተለየ። የገባበት ሰዓት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ሲሆን ከሶቪየቱ ሰርጌይ ፖፖቭ የዓለም ክብረ ወሰን በ0.8 ሰከንድ ተሽሏል። ራዲ ከ25.4 ሰከንድ በኋላ ገባ። አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ወጣ፤ የዚህ ሁለተኛው አበበ ውጤት በጥናት ውስጥ ከሚሰጠው ቦታ ይበልጥ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ሁለት ሯጭ ልኮ አንደኛና ሰባተኛ የወጣ ቡድን በዕድል የተሠራ አይደለም። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ይህ ነበር።

አበበ ሲመለስ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ኒሻን ተቀበለ፤ ማዕረጉም ወደ አስር አለቃ ከፍ አለ። ወርቅ ያመጣ ወታደር የሚሸለመው በማዕረግ ነውና ይህ በሕጉም በልማዱም ትክክል ነበር። ነገር ግን ዕጣውን ከአንድ ተቋም ጋር ያስተሳሰረ ሰው ተቋሙ ሲናወጥ አብሮ ይናወጣል። ከድሉ ሦስት ወር ጥቂት እንዳለፈ፣ በታኅሣሥ 1953 ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የሚመራው ክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ጦር ከጦር ተዋጋ፤ ሙከራው ከሸፈ፤ ጄኔራሉ በኋላ ተሰቀሉ። አበበ በሤራው ቀጥተኛ ተሳትፎ ባይኖረውም ለአጭር ጊዜ ተይዞ ተመርምሯል። የዓለም ባለ ክብረ ወሰኑ ሯጭ በዚያ ሳምንት ከማንም የክቡር ዘበኛ ወታደር የተለየ አልነበረም። የአማተርነቱ ሌላው ገጽ ይህ ነው፤ ከወታደርነቱ ውጭ የቆመ አትሌት የሚባል ሰው በሕግም በኑሮም አልነበረም።

በ1953 ዓ.ም. አቴና ላይ አሁንም በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፤ በባዶ እግሩ የተወዳደረበት የመጨረሻው ጊዜ እሱ ነበር። ቀጥሎ በኦሳካና በኮሺትሰ አሸነፈ። በጃፓን ሳለ የጫማ ፋብሪካ ባለቤቱ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ ጫማቸውን እንዲያደርግ ለማግባባት ቀርበዋል። በዚያ ዘመን አዲዳስና ፑማ ለታላላቅ አትሌቶች በስውር ይከፍሉ እንደ ነበር ከዓመታት በኋላ በግልጽ የታወቀ ጉዳይ ነው። የዓለም እጅግ ዝነኛ ባዶ እግር ለጫማ ሻጮች ምን ያህል እንደሚያጓጓ ለመገመት አያዳግትም። ገበያው ከሕጉ ቀድሞ ደርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከውጭ ውድድር ርቆ ቆየ። በሚያዝያ 1955 በቦስተን ከማሞ ወልዴ ጋር ተሰልፎ እስከ 29 ኪሎ ሜትር ገደማ በክብረ ወሰን ፍጥነት መሩ፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ነፋስና የኒውተን ኮረብታዎች አደከሟቸው። ቤልጂጋዊው ኦሬል ቫንደንድሪሽ አሸነፈ፤ አበበ በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ አምስተኛ ወጣ። በውጭ አገር ጀምሮ ከጨረሳቸው ማራቶኖች ያላሸነፈው ይህን ብቻ ነው። የእንጦጦን ዳገት የለመደ እግር በኒውተን ኮረብታ መሸነፉ ከፍታ ብቻውን ሁሉን እንደማያደርግ ሌላ አስረጅ ይሆናል።

ለቶኪዮ ኦሊምፒክ በደብረ ዘይት አካባቢ ሲለማመድ ሕመም ተሰማው፤ ትርፍ አንጀት ነበር። መስከረም 6 ቀን 1957 ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ማራቶኑ የተያዘው ለጥቅምት 11 ነው፤ በመካከሉ 35 ቀን ብቻ አለ። በሳምንት ውስጥ ከሆስፒታል ወጥቶ ቀስ በቀስ ልምምድ ጀመረ። በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጠ። በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ክላርክና አየርላንዳዊው ጂም ሆጋን አብረውት ነበሩ፤ ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ ሆጋን ብቻ ቀረ፤ ከ35 በኋላ ሆጋንም አቋረጠ። አበበ ወደ 75,000 ሰው ወደሚጠጋ ተመልካች ፊት ብቻውን ገባ። ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ፣ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ ሁለተኛ፣ ጃፓናዊው ኮኪቺ ትሱቡራያ ሦስተኛ ሆኑ። እነርሱ ሲደርሱ አበበ በሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ቆይቶ ነበር። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

የዚህ ድል ሽልማት የመቶ አለቃነት ማዕረግ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን፣ አንድ ቤትና አንድ ቮልስዋገን መኪና ነበር። በመኪናው ላይ ትንሽ ማቆም ያስፈልጋል። በ1947 እ.ኤ.አ. ካናዳዊቷ የበረዶ ሸርተቴ ተጫዋች ባርባራ አን ስኮት የዓለም ሻምፒዮን ሆና ስትመለስ የኦታዋ ከተማ መኪና ሸልሟት ነበር። በኋላ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት የሆኑት አቨሪ ብረንዴጅ ግን ስጦታው አማተርነቷን ያሳጣታል ብለው ስለ ተቃወሙ መለሰችው። ከ17 ዓመት በኋላ ለአበበ የተሰጠው መኪና እንዲህ ያለ ክርክር አላስነሣም። ንጉሠ ነገሥት ለታማኝ ወታደሩ የሚያደርገው ስጦታ ከስፖርት ክፍያ ይልቅ ጥንታዊ የመንግሥት ወግ ሆኖ ሳይታይ አልቀረም፤ ሰጪውም የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ከመሠረቱት አንዱ የነበሩ የዓለም መሪ ነበሩ። ያም ሆነ ይህ አበበ ከሩጫው ያገኘው ንብረት ከአንድ እጅ የተገኘ ነበር። ሕግ የሰጠው የግል ገቢ ባለመኖሩ በጎ ፈቃድ ደመወዝን ተክቶ ነበር።

የሚቀጥሉት ዓመታት በፍጥነት ይታለፋሉ። በሚያዝያ 1957 ከማሞ ጋር በኒው ዮርክ የዓለም ትርዒት መክፈቻ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን መልእክት ይዘው ሮጡ። በዚያው ዓመት በጃፓን፣ ከዚያም በስፔን ሳራውስና ከኢንቾን እስከ ሴኡል በተደረገው ማራቶን አሸነፈ። በ1959 ክረምት ሳራውስ ላይ በደረሰበት የጡንቻ ጉዳት ውድድሩን አቋረጠ፤ ከዚያ ጉዳት ፈጽሞ አላገገመም። ለሕክምና ጀርመን ሄዶ ተመለሰና ቡድኑ በአስመራ ሲለማመድ ተቀላቀለ። በጥቅምት 1961 በሜክሲኮ ከተማ 1 ቁጥር ለብሶ ተሰለፈ፤ ይሁንና ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው ፊቡላ የሚባለው ቀጭኑ የቅልጥም አጥንቱ ተሰንጥቆ ተገኝቷል። 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ማሞ ወልዴ አሸነፈ። አበበም ሻምበል ሆነ፤ የመጨረሻው ማዕረጉ ነበር።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ቮልስዋገኑን እየነዳ ሸኖ አካባቢ ሲደርስ መኪናው ተገለበጠ። እስኪነጋ ድረስ ከሥሩ ተይዞ ቆየ። ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አልቻለም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ እንግሊዝ ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ፤ በዚያም ስምንት ወር ታከመ። ሆስፒታሉ ሉድቪግ ጉትማን ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጀርባ አጥንት ጉዳት ለተሰናከሉ ሰዎች ውድድር ያቋቋሙበት፣ የፓራሊምፒክ መነሻ ቦታ ነው። አበበ የእጆቹን ኃይል መልሶ አገኘ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

ብዙዎቹ የሕይወት ታሪኮቹ እዚህ ላይ ፍጥነታቸውን ጨምረው ወደ ቀብሩ ይሮጣሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ አበበ ከዚህም በኋላ ተወዳድሯልና። በ1962 ክረምት በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። በሚያዝያ 1963 ወደ ኖርዌይ በክብር እንግድነት ተጋብዞ ሄደ፤ ሆኖም እንግድነቱን ትቶ በውሾች በሚጎተት የበረዶ ተንሸራታች ውድድር ገብቶ አሥራ ስድስት ተወዳዳሪዎች ባሉበት አሸነፈ። ሰዓቱ 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ተመዝግቧል። በረዶ በማይዘንብበት አገር የተወለደ ሰው፣ ከዚያ በፊት በማያውቀው ስፖርት፣ ማዕረግ በማያስገኝለት ውድድር። የአማተርን ትርጉም በሕግ መጻሕፍት ለሚፈልግ ተመራማሪ ከሮምና ከቶኪዮ ይልቅ ይህች የኖርዌይ ቀን የምትጠቅም ትመስላለች። በ1964 ዓ.ም. ማብቂያ በሙኒክ ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሲገባ ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበለት። የዚያን ዓመት የማራቶን አሸናፊ ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ተቀብሎ ሄዶ ጨበጠው።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ከአደጋው ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ፣ በ41 ዓመቱ አረፈ። በሙሉ ወታደራዊ ክብር ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱን ጨምሮ ወደ 65,000 የሚገመት ሕዝብ ተገኝቷል፤ ብሔራዊ የሐዘን ቀንም ታወጀ። መቃብሩ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን የነሐስ ሐውልት ቆሞለታል። እንጦጦ ላይ ደግሞ ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ የተከፈተው ፓርክ ለሯጮችና ለብስክሌተኞች መንገድ ሠርቷል፤ በየማለዳው ዳገቱን የሚወጡት አብዛኞቹ ከሥራ በፊት የሚሮጡ የከተማው ነዋሪዎች ናቸው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ፣ አበበ ካረፈ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. በቪየና ባደረገው ጉባኤ የተሳታፊነት ሕጉን አሻሽሎ፣ አትሌቶች በልምምድና በውድድር ምክንያት ላጡት ደመወዝ ካሣ እንዲቀበሉ ፈቀደ።